አንሲብል ላይ ቫሪያብል ስትሰጡ እንዳትሰሯቸው የምለምናችሁ ስህተቶች

አንሲብል ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የምናዋቅርበት መሳሪያ ነው፣ ቫሪያብል ደግሞ እንደ ፖርት ቁጥር ያለ ቫልዩ የምንይዝበት ስም። አንድ ሌሊት የገጠመኝን ልንገራችሁና ከዛ እንጀምር። ድሮ የምሰራበት ቤት የዌብ ሰርቨሮቹ ፖርት ከ8080 ወደ 8081 ይቀየር ተባለ፣ ግሩፕ ቫርስ ፋይሉን (ለአንድ የሰርቨር ግሩፕ የሚሆኑ ቫሪያብሎች የሚጻፉበትን) ከፈትኩ፣ ቁጥሩን ቀየርኩ፣ ፕሌይቡኩን (የሚፈጸሙት ስራዎች፣ ታስኮች፣ የተዘረዘሩበትን ፋይል) አስኬድኩት። ሁሉም አረንጓዴ፣ ኦኬ ኦኬ ይላል፣ ቼንጅድ የሚለው ግን ዜሮ ነው። ደግሜ አስኬድኩት ያው ነው፣ የኢንቬንቶሪ ፋይሉን (የሰርቨሮቹን ዝርዝር) አየሁ ልክ ነው፣ የግሩፑን ስም አየሁ ልክ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስፈልግ ቆይቼ መጨረሻ ላይ ሮሉ (ለአንድ ጉዳይ የሚሆኑ ታስኮችና ፋይሎች ጥቅል) ውስጥ ቫርስ የሚለው ፎልደር ላይ ያው ስም ከነ 8080 ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አንሲብል ላይ ቫሪያብል መፍጠር ቀላል ነው እኮ፣ ስትፈልጉ ሃያ ቦታ ላይ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ችግሩ የሚመጣው ሰርቨሩ ላይ ያረፈው ቫልዩ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ሳታውቁ ስትቀሩ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፦ ሮል ስትጽፉ ሁሉንም ነገር ቫርስ ፎልደር ውስጥ መክተት። ሮል ውስጥ ዲፎልትስ የሚባልም ቫርስ የሚባልም ፎልደር አለ፣ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ ግን በጉልበት በጣም ይራራቃሉ። አንሲብል የቫሪያብል ቅደም ተከተሉን በ22 ደረጃ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም፣ ይሄን ብቻ ያዙ፦ ዲፎልትስ ከታች ነው ማንም ያሸንፈዋል፣ ከሱ በላይ ግሩፕ ቫርስ፣ ከዛ ሆስት ቫርስ (ለአንድ ሰርቨር ብቻ የሚሆነው)፣ ከዛ ፕሌዩ (የፕሌይቡኩ አንድ ክፍል) ላይ የተጻፈው፣ ከነዚህ ሁሉ በላይ የሮሉ ቫርስ፣ ከዛም በላይ ሴት ፋክትና ሬጅስተር (ፕሌይቡኩ እየሮጠ ሳለ የሚፈጠሩት፣ ሬጅስተር የታስክን ውጤት የሚይዘው ነው)፣ ከሁሉም አናት ላይ ደግሞ በኮማንድ ላይን የሚሰጠው ኤክስትራ ቫርስ። ሌላ ሰው ሊቀይረው የሚችል ነገር፣ ፖርት በሉት የሜሞሪ መጠን በሉት፣ ቦታው ዲፎልትስ ነው። ቫርስ ውስጥ የሚቀመጠው የሮሉ የውስጥ ጉዳይ ብቻ ይሁን፣ ለምሳሌ አፓቺ ፓኬጁ ኡቡንቱ ላይ አፓቺ2 ሬድ ሃት ላይ ኤችቲቲፒዲ እንደሚባለው ያለ፣ እሱን ማንም ከውጭ መንካት የለበትም።

ግሩፕ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። አንድ ሰርቨር ዌብ እና ዲቢ በሚባሉ ሁለት እኩል ግሩፖች ውስጥ ካለና ሁለቱም አንድ አይነት ቫሪያብል ከሰጡት የቱ ያሸንፋል? በእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል ኋላ የሚመጣው፣ ማለትም ዌብ። ለዚህ ብሎ ግሩፕ ስም የሚቀይር ሰው አይቻለሁ፣ እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። የግሩፕ ፕራዮሪቲ የሚባል ሴቲንግ አለ፣ ግን የሚሰራው ኢንቬንቶሪው ላይ ሲጻፍ ነው፣ ግሩፕ ቫርስ ውስጥ ብትጽፉት ምንም አያደርግም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ላይ ደረስን፣ ዲክሽነሪ፣ ማለትም በአንድ ስም ስር ብዙ ቫልዩዎችን ከየስማቸው ጋር የሚይዝ ቫሪያብል። ለሁሉም ሰርቨር የሚሆን ዳታቤዝ የሚል ዲክሽነሪ አላችሁ እንበል፣ ውስጡ ሆስት፣ ፖርትና ዩዘር አለ። አንዱ ሰርቨር ላይ ፖርቱ ብቻ ስለሚለይ ሆስት ቫርስ ላይ ዳታቤዝ ብላችሁ ፖርቱን ብቻ ጻፋችሁ። ሁለቱ የሚቀላቀሉ ይመስላል አይደል? አይቀላቀሉም። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዳለ ጠራርጎ ይተካዋል፣ ሆስቱም ዩዘሩም ይጠፋሉ። እንዲቀላቀሉ የሚያደርግ ሴቲንግ ኮንፊግ ላይ አለ ግን እሱን ስትቀይሩ ከሌላ ቦታ ያመጣችሁት ሮል ሁሉ ባህሪው ይቀየራል፣ አልመክርም። እኔ የምወደው ዲክሽነሪውን ትቶ ዲቢ_ሆስት፣ ዲቢ_ፖርት፣ ዲቢ_ዩዘር እያሉ ለየብቻ መጻፍ ነው፣ ግድ ዲክሽነሪ ካስፈለገ ደግሞ ሁለት ዲክሽነሪ የሚያቀላቅለውን ኮምባይን የሚባል ፊልተር ተጠቀሙ።

ያምል (የአንሲብል ፋይሎች የሚጻፉበት ፎርማት) ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኤስኤስኤች (ወደ ሰርቨሩ ከርቀት የሚገባበት) ላይ ሩት፣ ማለትም ዋናው አድሚን፣ እንዳይገባ ፈልጋችሁ ቫሪያብሉን ኖ ብላችሁ ያለ ጥቅስ ጻፋችሁት፣ ያምል ኖ የሚለውን እንደ ቃል አያየውም፣ ፎልስ አድርጎ ነው የሚወስደው፣ ቴምፕሌቱ (ቫሪያብሎቹ ገብተውበት ኮንፊግ ፋይል የሚወጣበት ፋይል) ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ፐርሚት ሩት ሎጊን ፎልስ ብሎ ይጽፋል፣ ኤስኤስኤች ሰርቪሱ ደግሞ እንደዚህ የሚባል ነገር አላውቅም ብሎ ሪስታርት ሲደረግ አይነሳም። ከዛ ወደ ሰርቨሩ በምን ትገባላችሁ? የስ፣ ኖ፣ ኦን፣ ኦፍ እንደ ቃል ከፈለጋችኋቸው ሁሌም ጥቅስ ውስጥ ይግቡ፣ የኤስኤስኤች ቴምፕሌት ላይ ደግሞ ቫሊዴት የሚለውን አስገቡበት፣ ፋይሉ ቦታው ላይ ከመቀመጡ በፊት ይፈተሻል።

የፋይል ፐርሚሽንም እንዲሁ ነው። ሞድ ላይ 644 ብላችሁ ባዶውን ከጻፋችሁ አንሲብል እንደ ተራ አስርዮሽ ቁጥር ያየዋል፣ 644 ወደ ኦክታል (ፐርሚሽን የሚጻፍበት ባለ 8 መሰረት ቁጥር) ሲቀየር 1204 ነው፣ ባለቤቱ መጻፍ እንጂ ማንበብ የማይችልበት፣ ማንም የውጭ ሰው ግን የሚያነበው ፋይል ይሆናል። ዜሮውን ጨምሩና "0644" ብላችሁ በጥቅስ ጻፉት። ቨርዥንም ጥቅስ ይፈልጋል፣ 1.10 ያለ ጥቅስ 1.1 ሆኖ ያርፋል። ቫልዩው በድርብ ቅንፍ፣ በ{{ ሲጀምርም ሙሉው ጥቅስ ውስጥ ይግባ፣ አለዚያ ያምል ዲክሽነሪ የመጣ ይመስለዋል። ዌን (ታስኩ መቼ እንደሚሰራ የሚወስነው) ላይ ግን ቅንፉ አያስፈልግም፣ የቫሪያብሉን ስም ብቻ ጻፉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፦ በኮማንድ ላይን ዲበግ=ፎልስ ብላችሁ ስትሰጡ የሚደርሰው ፎልስ የሚል ጽሁፍ ነው እንጂ እውነተኛ ፎልስ አይደለም። ቡል የሚለውን ፊልተር ጨምሩበት ወይም በጄሰን ስጡት። ሬጅስተር ያደረጋችሁት ታስክ ቢዘለልም ቫሪያብሉ ይፈጠራል፣ ግን ውስጡ ስኪፕድ የሚል እንጂ የጠበቃችሁት ውጤት የለም፣ ቼክ አድርጉት።

ስም ላይ ብዙ አልልም። ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ስፔስ አይቻልም፣ በቁጥር መጀመርም አይቻልም። ግን ፖርት ወይም ዩዘር የሚል ደረቅ ስም አትስጡ፣ የአንዱ ሮል ቫሪያብል እዛው ፕሌይ ውስጥ ላለ ሌላ ሮልም ስለሚታይ ሁለቱ ይጋጫሉ። የሮሉን ስም ከፊት አድርጉ፣ ኤንጅንኤክስ_ፖርት፣ አለቀ።

ፓስወርድ ላይ ግን ቆም እንበል፣ ምክንያቱም እዚህ ስህተት የሚጎዳው እናንተን ብቻ አይደለም። ፓስወርድ ግሩፕ ቫርስ ላይ ግልጽ አድርጋችሁ ጽፋችሁ ጊት ላይ ከገባ በኋላ ብታጠፉትም ሂስትሪው ውስጥ ይኖራል፣ ያኔ ያለው አማራጭ ፓስወርዱን መቀየር ነው። ከመጀመሪያው በአንሲብል ቮልት (ፋይል በፓስወርድ በሚያመሰጥረው) ቆልፉት። ጥሩው አሰራር በግሩፑ ስም ፎልደር ከፍቶ ሁለት ፋይል ማስቀመጥ ነው፣ በተቆለፈው ውስጥ ቮልት_ዲቢ_ፓስወርድ፣ በክፍቱ ውስጥ ዲቢ_ፓስወርድ ሆኖ ወደ እሱ የሚያመለክት፣ እንዲህ ሲሆን ስሙን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል ሚስጥሩ ግን አይታይም። ቮልት ግን የሚጠብቀው ፋይሉን ነው፣ ታስኩ ሲሮጥ ፓስወርዱ ስክሪንና ሎግ ላይ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ታስኩ ላይ ኖ ሎግ የሚለውን ትሩ አድርጉት።

የሆነ ቫልዩ ግራ ሲያጋባችሁ ፋይል ለፋይል አትዙሩ። አንሲብል ኢንቬንቶሪ የሚለውን ኮማንድ በሆስቱ ስም ጥሩት፣ ከኢንቬንቶሪ፣ ከግሩፕና ከሆስት ቫርስ ተደምሮ የደረሰውን ያሳያችኋል። የሮሉን ግን አያሳይም፣ ለሱ ሮሉ ውስጥ አንድ የዲበግ ታስክ ጨምሩ። እኔ ያን ሌሊት ይሄን ባደርግ ኖሮ ኢንቬንቶሪው 8081፣ ዲበጉ ደግሞ 8080 ይሉኝ ነበር፣ ሮሉን ለመክፈትም ሁለት ሰዓት አልጠብቅም ነበር።