የወረቀት ተራማጅ ማሽን ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሳይንሳዊ ልብወለድ ከሚታዩ ማሽኖች ሁሉ ከወረቀት ቆርጦ፣ አጥፎና አጣብቆ ሞዴል ለሚሠራ ሰው ፈታኙ በእግሩ የሚራመደው ነው። የጠፈር መርከብ በክር ይንጠለጠላል፣ ታንክ በሆዱ ይቀመጣል፤ ተራማጁ ግን ከባድ ገላውን በቀጫጭን እግሮች ተሸክሞ መቆም አለበት። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እግሩን ነው የሚጎዱት።

መጠኑን ሳያረጋግጡ ማሳተም። ከኢንተርኔት ከሚወርዱት ንድፎች አንዳንዶቹ በአሜሪካው ሌተር መጠን፣ ማለትም በ216 በ279 ሚሊ ሜትር የተዘጋጁ ናቸው። አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚያትሙት ደግሞ በኤ4 ነው፤ 210 በ297። አንዱን ገጽ ዛሬ እዚህ፣ ሌላውን ነገ እዚያ ካሳተሙ አንዱ ቤት አሳንሶ፣ ሌላው እንዳለ ሊያወጣው ይችላል፤ ያኔ እግሩ ከገላው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። «ወንድሜ፣ ሁሉንም በ100 ፐርሰንት አውጣልኝ» ይበሉ። ማሳነስ ግድ ከሆነም ሁሉም ገጽ በአንድ ፐርሰንት ይነስ። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሳይወጡ በማስመሪያ ይለኩ።

ሁሉንም በአንድ ዓይነት ወረቀት መሥራት። «ሃርድ ፔፐር» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ግራሙን፣ ማለትም የአንድ ካሬ ሜትሩን ክብደት ይጠይቁ። ለእግርና ለገላ ከ160 እስከ 200 ግራም ይስማማል። ለቀጫጭን ቱቦዎች ተራው የ80 ግራም ወረቀት ይሻላል፤ ወፍራሙ ሲጠቀለል ይሰበራል።

የወረቀቱን አቅጣጫ መርሳት። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ነው። ወረቀት እንደ እንጨት የጭረት አቅጣጫ፣ ማለትም ቃጫዎቹ የተሰለፉበት አቅጣጫ አለው። ሉሁን አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ ቀስ አድርገው ያጉብጡት፤ በቀላሉ የሚጎብጥበት የማጠፊያ መስመር ከጭረቱ ጋር ትይዩ ነው። የእግሩ ቁመት በጭረቱ አቅጣጫ ሲሆን እግሩ ይጠነክራል፤ ተቃራኒው ከሆነ ግን ሸክሙን ሳይችል ወገቡ ላይ ይጎብጣል። ቱቦም ሲጠቀልሉ ርዝመቱ ከጭረቱ ጋር ይሂድ።

ሳያሰምሩ ማጠፍ። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶና ማስመሪያ ይዘው የማጠፊያውን መስመር ይጫኑት። ይህን ክፍሉን ቆርጠው ከማውጣትዎ በፊት ያድርጉት፤ ሙሉው ሉህ ለመያዝ ይመቻል።

ሙጫ ማብዛት። ነጩ ኮላ ውሃ አለበት፤ ሲበዛ ወረቀቱን ያጣምማል፣ በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ) የታተመ ቀለምም ያፈሳል። በስቴኪኒ ጫፍ ስስ አድርገው ይቀቡ። ሱፐር ግሉ ደግሞ ወረቀቱን ያቆሽሻል፤ አንዴ ከያዘ ለማስተካከልም ጊዜ አይሰጥም።

እግሮቹን በየተራ አድርቆ መጨረስ። ሦስት እግር ወጣ ገባ ቦታ ላይ እንኳ ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ ባለ አራት እግር ማሽን ግን አንዱ እግር በ1 ሚሊ ሜትር ካጠረ ይወላገዳል። ስለዚህ የቁርጭምጭሚቱን መገጣጠሚያ መጨረሻ ላይ ያቆዩት። ሙጫው ሳይደርቅ ማሽኑን መስታወት ላይ ያቁሙት፣ አራቱም መርገጫዎች መስታወቱን ይንኩ፣ ከዚያ ሳይነኩት ይድረቅ።

አንዱን እግር አንስቶ ሲራመድ ማሳየት የሚወዱ አሉ፤ ግሩም ነው የሚያምረው። ነገር ግን የማሽኑ የክብደት ማዕከል በቀሩት ሦስት መርገጫዎች መካከል ማረፍ አለበት። ጭንቅላቱ ወደፊት ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ በአፍንጫው ይደፋል። ከማጣበቅዎ በፊት በፕላስተር አያይዘው ይሞክሩት። መርገጫዎቹን ሳይዘጉም በውስጣቸው የ1 ብር ሳንቲሞች ያጣብቁ፤ ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ገላው ውስጥ ሳንቲም መክተት ግን እግሩን ማስጨነቅ ነው። ረጃጅሞቹ እግሮች ባዶ ሣጥን ሆነው እንዳይቀሩም በውስጣቸው የተጠቀለለ ወረቀት ያስገቡ።

ነጩን ጠርዝ መተው። ወረቀቱ የተቆረጠበት ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የማሽኑን ቀለም በሚመስል ባለቀለም እርሳስ ከመገጣጠሙ በፊት ማቅለም ነው፤ በኋላ ጠርዙ አይደረስበትም።

ክረምቱን አለማሰብ። በሐምሌና ነሐሴ የአዲስ አበባ አየር እርጥብ ነው። ኮላው ለመድረቅ ከበጋው ይልቅ ይዘገያል፤ ወረቀቱም እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል። በዚህ ወቅት በአንድ ቀን ብዙ ክፍል አይደራርቡ። ሥራው ሲያልቅ ስስ ቫርኒሽ በሩቁ ይርጩበት፣ የመርገጫዎቹንም ሥር ጭምር፤ ከዚያ መስኮት ዳር ሳይሆን ቡፌ ውስጥ ያቁሙት።