ለሰላም የሚሟገቱ የደብር ቄስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንግሊካን (ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመነጨው የክርስትና ክፍል) ደብር ቄስ እሑድ ያቆርባሉ፣ በሳምንቱ መካከል ሕመምተኛ ይጠይቃሉ፣ ሙት ይቀብራሉ፣ የተጣሉ ባልና ሚስትን ይሸመግላሉ። ስለ ሰላም ሲናገሩ ቃላቸው የሚሰማው ይህን ሁሉ ስለሚሠሩ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ተበዳይን ለይቅርታ ማጣደፍ ነው። ልጇን ለቀበረች እናት ወንጌል ጠቅሶ «ይቅር በይ» ማለት ቀላል ነው። እናቲቱ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች፤ ቄሱም ዕርቅ ያወረዱ ይመስላቸዋል። የኒውዚላንድ ተወላጁ የአንግሊካን ቄስ ማይክል ላፕስሊ የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ ሥርዓት፣ አፓርታይድን፣ በመታገላቸው እ.ኤ.አ. በ1990 በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ሳሉ በፖስታ በተላከ ቦምብ ሁለት እጃቸውንና አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። ይቅር ብለው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ላኪው እኔ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ስለሌለ ይቅር የሚሉትም እንደሌለ ይመልሱ ነበር። ብስክሌት ሰርቆ ይቅርታ የሚለምን፣ ብስክሌቱን ግን የማይመልስ ሰው ምሳሌም ይጠቅሱ ነበር፤ ይቅርታ የተወሰደውን መመለስንም ይጠይቃል ለማለት ነው። በኋላ በደቡብ አፍሪካ ባቋቋሙት ተቋም ሰዎች ተሰብስበው የደረሰባቸውን ይናገራሉ፣ ይደማመጣሉ። አንድ ቄስ ስብከቱን አቆይተው አስቀድመው ማዳመጥ ቢለምዱ ከዚህ የሚበልጥ ሥልጠና የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

ሁለተኛው የራስን ወገን ጥፋት በዝምታ ማለፍ ነው። ግፈኛውን መንግሥት ማውገዝ ድፍረት ይጠይቃል፤ የገዛ ምእመናንን መገሠጽ ግን ይብሳል። ያን ጊዜ የጆሃንስበርግ ጳጳስ የነበሩት ዴዝሞንድ ቱቱ እ.ኤ.አ. በ1985 በደቡብ አፍሪካዋ ዱዱዛ ቀብር ላይ ነበሩ። የተቆጣው ሕዝብ የፖሊስ ሰላይ ነው ብሎ የጠረጠረውን ሰው ሊያቃጥል ሲነሣ መካከል ገብተው አስጣሉት። አፓርታይድን ያወግዙ የነበሩትም እኚሁ ሰው ናቸው። የራስን ወገን መገሠጽን ከገለልተኝነት ጋር የሚያምታታ ቄስ በዳይንና ተበዳይን እኩል ይወቅሳል፤ እሱም ሌላ ስህተት ነው።

በቃል ብቻ መቅረትም አለ። በሞዛምቢክ የእርስ በርስ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ስምምነት ካበቃ በኋላ የአንግሊካኑ ጳጳስ ዲኒስ ሴንጉላኔ እ.ኤ.አ. በ1995 ያስጀመሩት ሥራ፣ ጠመንጃውን ላስረከበ ሰው የልብስ ስፌት መኪና ወይም ዶማ ይሰጥ ነበር። ሰይፍ ማረሻ እንዲሆን ኢሳይያስን ማንበብ ብቻውን የማንንም ጓዳ አይሞላም።

የምእመናንን ምሥጢር ለስብከት ማድመቂያ ማዋል አይገባም። ስም ባይጠራም በትንሽ አጥቢያ ሁሉም ያውቀዋል።

ቄሱ የሚያገለግሉት በጳጳሳቸው ፈቃድ ነው። ስለዚህ አቤቱታ ሲፈርሙ ወይም ሰልፍ ሲወጡ በራሳቸው ስም ይሁን በደብሩ ስም በግልጽ ይናገሩ። የአጥቢያው ጉባኤ ነገሩን ከጋዜጣ ከሰማው ሰላም ፈላጊው ቄስ የመጀመሪያውን ጠብ የሚያስታርቁት በራሳቸው ቤት ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ከደብር መጥፋት። የሰላም ጉባኤ ግብዣ አያልቅም፤ ሞትና ሕመም ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። ቄሱ ከመሄዳቸው በፊት የሚመለሱበትን ቀን ለአጥቢያው ጉባኤ ያሳውቁ፤ ለቀብርና ለሕሙማን የሚተካቸውን ካህንም ስም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለጥፉ።