ኦርካን ከባሕር ዳር ሆኖ ማየትና አኳኋኑን ማንበብ፦ በሲያትልና በአካባቢው ለሚኖሩ

ሲያትል የሚኖር ሰው ኦርካ፣ ማለትም ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባለውን ትልቅ ጥቁርና ነጭ የባሕር እንስሳ፣ ለማየት የግድ የጉብኝት ጀልባ ትኬት መቁረጥ የለበትም። አልካይ ፖይንት፣ ሊንከን ፓርክ ወይም ዲስከቨሪ ፓርክ ጫፍ ያለው ዌስት ፖይንት ላይ ቆሞ በነጻ ማየት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ጥቁር ክንፍ ካየ በኋላ ቪዲዮ ቀርጾ ይመለሳል፤ እንስሳቱ እያደኑ ይሁን እያረፉ፣ ዓሣ ፍለጋ ይምጡ ሌላ ፍለጋ ሳይለይ። መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ ፊትዎ ያለው ኦርካ የሚበላው ምንድን ነው? አጠላለቁ፣ ድምፁ፣ የቡድኑ ብዛት፣ በጀልባ ከሆኑም ሊርቁት የሚገባው ርቀት ከዚያ ይከተላል።

ሁለቱን መለየት

በዚህ ውሃ ሁለት ዓይነት ኦርካዎች ይመላለሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳውዘርን ሬዚደንት የሚባሉት ናቸው። ጄ፣ ኬ እና ኤል በተባሉ ሦስት ፖዶች (የቤተሰብ ቡድኖች) ይኖራሉ፤ በጠቅላላው 75 ገደማ ቢሆኑ ነው። ዓሣ ብቻ ይበላሉ፣ ከዓሣም ቺኑክ የተባለውን ትልቁን ሳልመን ያስቀድማሉ። ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ጋር ተመዝግበዋል። ሁለተኛዎቹ ቢግስ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያገኙት እያንዳንዱን ኦርካ በክንፉና በጀርባው ምልክት መለየት እንደሚቻል ካሳየው ካናዳዊ ተመራማሪ ከማይክል ቢግ ነው። እነዚህ ዓሣ አይነኩም። ምግባቸው ሲል የተባሉት ዓለት ላይ የሚያርፉ የባሕር አጥቢዎች፣ የባሕር አንበሶችና ፖርፖይዝ የተባሉት ትናንሽ የዶልፊን ዘመዶች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ውሃ እየዋኙ አይቀላቀሉም፣ አይዋለዱም።

በባይኖኩላር ሲያዩ ከጀርባ ክንፉ ይጀምሩ። የቢግስ ክንፍ ጫፉ ሹል ነው፤ የኋላ ጠርዙም ብዙ ጊዜ የተሸረፈ ነው፣ የሚያድኑት እንስሳ ይናከሳላ። የሬዚደንት ክንፍ ጫፉ ክብ ይላል። ቀጥሎ ከክንፉ ሥር ወደ ኋላ ያለውን ግራጫ ምልክት ይመልከቱ። ቦታውም ቅርጹም እንደ ኮርቻ ስለሆነ በዚያው ስም ይጠራል። የቢግስ ኮርቻ ሰፊና ሙሉ በሙሉ ግራጫ ነው። በብዙ ሬዚደንቶች ኮርቻ ውስጥ ግን ጥቁር ቀለም እንደ መንጠቆ ታጥፎ ይገባል። ይህን ጥቁር መንጠቆ በግልጽ ካዩ ሬዚደንት ነው ብለው መደምደም ይችላሉ፤ አለማየትዎ ግን ብቻውን ቢግስ መሆኑን አያረጋግጥም፣ ሙሉ ግራጫ ኮርቻ ያላቸው ሬዚደንቶችም አሉና።

ወንድና ሴት ሲለዩም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአዋቂ ወንድ ክንፍ እስከ 1.8 ሜትር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሴቷ ከአንድ ሜትር ያንሳል፣ ወደ ኋላም ያዘነብላል። ነገር ግን ወንዱ ከአሥራዎቹ ዕድሜ በፊት ክንፉ የሴት ስለሚመስል፣ አጭር ክንፍ ያለውን ሁሉ ሴት ማለት አይቻልም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ዳልስ ፖርፖይዝን የኦርካ ግልገል ማለት ነው። እሱም ጥቁርና ነጭ ነው፤ ግን ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ውሃውን እየረጨ በፍጥነት ይሮጣል። የኦርካ ግልገል ሲወለድ ራሱ ከሁለት ሜትር ያላነሰ ነው፤ ብቻውን አይታይም፣ ከእናቱ ጎን አይለይም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ነጩ ቆዳው ወደ ብርቱካናማ ስለሚያደላ ከሩቅም ይለያል።

መቼና የት

ቢግስ በየትኛውም ወር ሊመጡ ይችላሉ። ሬዚደንቶቹ በመጸውና በክረምቱ መግቢያ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቸም የተባለውን ሳልመን ተከትለው በሲያትል ፊት ለፊት እስካለው ውሃ ድረስ ይወርዳሉ። በበጋ የታወቀው ቦታቸው የሳን ሁዋን ደሴት ምዕራብ ዳርቻ ነበር፤ ወደ ፍሬዘር ወንዝ የሚመለሰው ቺኑክ ስለተመናመነ አሁን እንደ ድሮው አይዘወትሩበትም። ቢሆንም በዚያው ዳርቻ ባለው «ላይም ኪልን ፖይንት» ባሕሩ ከዓለቱ ሥር ወዲያው ስለሚጠልቅ፣ ሲመጡ ከቆሙበት በጥቂት አሥር ሜትሮች ርቀት ያልፋሉ። መንገዱ ከአናኮርቲስ በፌሪ ወደ ፍራይደይ ሃርበር ነው። በበጋ መኪና ይዘው የሚሄዱ ከሆነ የፌሪ ቦታ አስቀድመው ይያዙ።

ከቤት ሳይወጡ ኦርካ ኔትወርክ የተባለው ድርጅት የሚያሰባስበውን የዕለቱን ጥቆማ ይመልከቱ። ኦርካሳውንድ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ ባሕር ውስጥ ከተተከሉ ሃይድሮፎኖች (የውሃ ውስጥ ማይክሮፎኖች) የሚመጣውን ድምፅ በቀጥታና በነጻ ያሰማል። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ጥቆማው ወደመጣበት ቦታ በመሄድ ነው። በጉዞ ላይ ያሉ ኦርካዎች በሰዓት ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። አልካይ ላይ ወደ ሰሜን ሲያልፉ ከታዩ አልካይን ይተዉት፤ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀድመው ወደ ዌስት ፖይንት ይሂዱ። እዚያ ግን ከመኪና ማቆሚያው እስከ መብራት ቤቱ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ስለሚያስኬድ፣ ጊዜው ካጠረ ከዚያ በስተሰሜን ያለው ካርኪክ ፓርክ ይሻላል።

የሲያትል ዳርቻ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዓይንዎ ውስጥ ትገባለች። ጠዋት ይመረጣል፤ ነፋሱም ያኔ ይረግባል። ማዕበሉ ነጭ አረፋ ማውጣት ከጀመረ ክንፍ መለየት አስቸጋሪ ነው። 8×42 ወይም 7×50 ባይኖኩላር ይበቃል፤ ከ10 እጥፍ በላይ ከሆነ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ትራይፖድ ይፈልጋል። ሐምሌም ቢሆን ጃኬት ይያዙ።

መጀመሪያ በባዶ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ያስሱ፤ እንደ ጉም ብን የሚል ትንፋሽ ወይም በአንድ ቦታ የሚያንዣብብ የወፍ መንጋ ካዩ በኋላ ባይኖኩላሩን ያንሱ። ጠፉ ብለው ቶሎ አይሂዱ። ሬዚደንቶች ብዙ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይመለሳሉ፤ ቢግስ ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ ሊሰወሩ፣ ሲወጡም ካልጠበቁበት አቅጣጫ ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

አደኑን ማንበብ

ሬዚደንቶች ሲያድኑ በኪሎ ሜትሮች ስፋት ይበታተናሉ። አንዱ እዚህ፣ ሌላው አድማስ ላይ ይሆንና ያየ ሰው ቡድኑ የፈረሰ ይመስለዋል። በድምፅ ግን ይገናኛሉ። የማደኛ መሣሪያቸውም ድምፅ ነው፦ አጫጭር የጠቅታ ድምፆች ይልኩና ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ ያዳምጣሉ። በዓሣው ሆድ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ማሚቶውን ስለሚመልስ፣ ቺኑክን ከሌላው ሳልመን በጨለማ ውሃ ውስጥ ይለዩታል። ከላይ የሚታየው ምልክት ይህ ነው፦ ቀጥ ብሎ ሲጓዝ የነበረው እንስሳ ድንገት ይታጠፋል፣ በጎኑ ይዞራል፣ ጅራቱን ከፍ አድርጎ ይጠልቃል። ያዘ ማለት ግን ብቻውን በላ ማለት አይደለም። ዓሣውን ወደ ላይ አምጥቶ ይቦጭቅና ከዘመድ ጋር ይካፈላል። የጀልባ ሞተር የሚጎዳቸውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ጫጫታው ማሚቶውን ይሸፍነዋል።

መሪዎቹን ማየት ከፈለጉ ፊት ፊት የሚሄዱትን አሮጊቶች ይከታተሉ። ሴት ኦርካ 40 ዓመት ገደማ ሲሆናት መውለድ ታቆማለች፣ ከዚያ በኋላ ግን አሥርተ ዓመታት ልትኖር ትችላለች። ሳልመን በሚጠፋበት ዓመት ቡድኑን የሚመሩት ይበልጡን እነሱ ናቸው። ወንድ ልጅ አዋቂ ሆኖም ከእናቱ አይለይም።

የቢግስ አደን ሌላ ነው። ሲሎችና ፖርፖይዞች ጥሩ ጆሮ ስላላቸው፣ ቢግስ ሲያድኑ ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ሃይድሮፎኑ ዝም ብሎ ሳለ ክንፎች ከታዩ ይህ ራሱ ፍንጭ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሆነው ተጠጋግተው ዳርቻውን ይታከካሉ፣ ሲሎች የሚያርፉባቸውን ዓለቶች ይዞራሉ፣ ጠባብ ወሽመጥ ውስጥም ይገባሉ። ከዚያ ጠልቀው ለረጅም ጊዜ ይሰወራሉ፣ ቀጥሎ ድንገተኛ ፍንዳታ የመሰለ የውሃ ርጭት ይመጣል። የሚታደነው «ሲል» ከሆነ ነገሩ በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል። የባሕር አንበሳ ከሆነ ግን ጥርሱ ስለሚያሰጋቸው እየተፈራረቁ በጅራት ይመቱታል፣ በጭንቅላት ይገጩታል፤ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። መያዛቸውን የሚነግሩዎት ወፎቹ ናቸው። ቁርጥራጭ ለመልቀም ይወርዳሉ፣ ውሃው ላይም የቅባት ሽፋን ይዘረጋል። ድምፃቸውም የሚሰማው ያኔ ነው፤ ከበሉ በኋላ ይንጫጫሉ፣ ይዘላሉ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሬዚደንቶችም ፖርፖይዝ ሲያሳድዱ፣ ሲያንገላቱ፣ ሲገድሉም ታይተዋል፤ ግን አይበሉትም። ስለዚህ ፖርፖይዝ ሲሳደድ አይቶ ቢግስ ነው ብሎ መቸኮል አይገባም፤ ወደ ኮርቻው ይመለሱ።

ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ቀስ እያሉ፣ አንድ ላይ እየተነፈሱ ከታዩ እያረፉ ነው። ሲነካኩ፣ ሲንከባለሉ፣ ጭንቅላታቸውን ቀጥ አድርገው ከውሃ ሲያወጡ ጊዜው የጨዋታ ነው። በዚህ ጊዜ የኬልፕ ግንድ ይፈልጉ። ሬዚደንቶች የዚህን የባሕር አረም ግንድ ቆርጠው በሁለት ገላ መካከል እያደረጉ እርስ በርስ እንደሚተሻሹበት በ2025 የታተመ ጥናት በድሮን ምስል አሳይቷል። እንዲህ ያለው ልማድ በትምህርት ይተላለፋል፤ ፋሽንም ይመስላል፤ በ1987 የሞተ ሳልመን በጭንቅላት ላይ ተሸክሞ መዞር በሬዚደንቶቹ ዘንድ ለጥቂት ሳምንታት ተዛምቶ ነበር። ንግግራቸውም በፖድ ይለያያል። ተመራማሪዎች ለጥሪዎቹ ቁጥር ሰጥተዋል፦ ኤስ1 ባብዛኛው የጄ፣ ኤስ16 የኬ፣ ኤስ19 የኤል ነው። የጥቂቶቹን ቅጂ ደጋግሞ ያዳመጠ ሰው በኦርካሳውንድ የትኛው ፖድ እንደመጣ መገመት ይጀምራል።

በውሃ ላይ ከሆኑ

ከ2025 መግቢያ ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከሳውዘርን ሬዚደንቶች 1,000 ያርድ (914 ሜትር ገደማ) መራቅ ግዴታ ነው፤ ካያክም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ለቢግስ 200 ያርድ ነው፣ በመንገዳቸው ፊት ከሆኑ ደግሞ 400። ከጀልባ ላይ ሆኖ በዚያ ርቀት ኮርቻ መለየት አዳጋች ስለሆነ፣ እርግጠኛ እስኪሆኑ ድረስ ሬዚደንት እንደሆኑ ቆጥረው ይራቁ። ድንገት አጠገብዎ ብቅ ካሉ ሞተሩን ከማርሽ አውጥተው እስኪያልፉ ይጠብቁ። ዳርቻ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ገደብ የለም።

ያዩትን ለኦርካ ኔትወርክ ወይም ዌል ሪፖርት በተባለው መተግበሪያ ያሳውቁ፤ በመተግበሪያው የሚገባው ጥቆማ ለትላልቅ መርከቦችና ለፌሪዎች ካፒቴኖች ስለሚደርስ ፍጥነት እንዲቀንሱ ወይም አቅጣጫ እንዲቀይሩ ያስችላል። ሰዓቱን፣ የቆሙበትን ቦታ፣ የእንስሳቱን ብዛት፣ ከመካከላቸው ረጅም ክንፍ ያላቸው ስንት እንደሆኑና የሚሄዱበትን አቅጣጫ ይጻፉ። ፎቶ ካለ ክንፉና ኮርቻው አብረው የሚታዩበት የጎን ፎቶ ይላኩ፤ የፊትና የጅራት ፎቶ ለማየት ቢያምርም ማንነታቸውን ለመለየት ብዙም አይረዳም።