የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ሲጨምር ጥያቄን እስከ ተወካዮች ምክር ቤት ማድረስ

አቤቱታውን ባሕር ዳር ላለው የክልል ምክር ቤት ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የፌዴራል ስለሆኑ ጉዳዩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለክልሉ የሚቀርበው የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ክፍያውን ለዩ። መደበኛ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ዕዳው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። የማታ፣ የክረምትና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ግን ከኪሱ ይከፍላል። ሁለቱን ቀላቅሎ የጻፈ ሰው የሚመለስለት ስለ ወጪ መጋራት በተጻፈ ማብራሪያ ነው፤ ጥያቄው እዚያው ይቀራል።

ቀጥሎ የዘንድሮንና የአምናን ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የምዝገባውን፣ የክሬዲቱን (የትምህርቱ መጠን የሚለካበትን አሃድ) እና የሌላውን ክፍያ ለየብቻ ጻፉ። ለምሳሌ ክሬዲቱ ከ300 ወደ 400 ብር ከፍ ቢል፣ 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ 1,500 ብር ይጨምራል። ድምሩ ያደገው ክሬዲት ስለበዛ ከሆነ ግን ዋጋው አልጨመረም፤ ይህን ሳያጣሩ መክሰስ አቤቱታውን ሁሉ ያስጥላል።

ከዚያ ጭማሪውን ማን እንዳጸደቀ የሚያሳየውን ቃለ ጉባኤ ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ጠይቁ። መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ምላሽ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የማመልከቻውን ቅጂ መዝገብ ቤት አስመትታችሁ ያዙ፤ ማኅተም ከሌለው «አልደረሰንም» ይባላል። ዝም ካሉ የአስተዳደር በደል አቤቱታን ወደሚቀበለው እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ።

ደብዳቤው ለምርጫ ክልላችሁ ተወካይ ይሂድ፤ ግልባጩ ትምህርት ሚኒስቴርን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ይድረስ (በምክር ቤቱ 6ኛ ዙር ስሙ የሰው ሀብት ልማት፣ ሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ነው)። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ክፍያ በዛብን» አትበሉ፤ «ጭማሪው በምን ስሌት ተሠራ? ገቢውስ የት ዋለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለትምህርት እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ ይህን ጥቀሱ። በማታና በክረምት የሚማር የመምህርና የቀበሌ ሠራተኛ የወር አስቤዛ ነው የሚነካው፤ ዝም ሊባል አይገባም።

ጊዜውን ምረጡ። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በጀትም የሚጸድቀው ሰኔ ላይ ስለሆነ ከግንቦት በፊት ያልደረሰ ጥያቄ ለዓመት ሊተላለፍ ይችላል። ተወካያችሁን በዕረፍት ወቅት ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመጣ በአካል አግኙት።

ኮሚቴው ዋጋ አይቆርጥም። ሚኒስቴሩን ይጠይቃል፣ አቅጣጫ ይሰጣል፣ በጀት ላይ ይናገራል። ገቢው የገባበት ካልታወቀ ግን የፌዴራል ዋና ኦዲተር እንዲመረምረው ጠቁሙ።