ቦዬ ዳር ጭቃ ላይ የሚሮጡትን ወፎች እንዴት እንለያቸው?

ጅማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ቦዬ ረግረግ ዳር ቁጭ ብዬ ወፍ አያለሁ። እነዚያን ግራጫ ትንንሽ ወፎች ብዙ ሰው "ሁሉም አንድ ናቸው" ብሎ ያልፋቸዋል። አይደሉም። ደግሞ ብዙዎቹ ከአውሮፓና ከእስያ በርረው የመጡ ናቸው።

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ታገኟቸዋላችሁ። እኔ ጥርና የካቲትን እመርጣለሁ፤ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፣ የሚለቅሙት ትልና ነፍሳትም እዚያ ነው ያለው። ጠዋት በ12፡30 ድረሱ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ፊት ለፊት ከሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው።

ጭቃው ውስጥ አትግቡ። ያሰምጣል፣ ወፎቹም ብድግ ይላሉ። ጡብ የሚሠሩ ሰዎች ካሉ በኦሮምኛ "አካም ቡልተን" (እንዴት አደራችሁ) ብላችሁ ሰላም በሏቸው፤ ወፎቹ የት እንደሚውሉ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የጡብ አፈር የወጣባቸውን ጉድጓዶችም ሳታዩ አትለፉ።

አሁን ወደ ዋናው። ከቀለም በፊት እንቅስቃሴ እዩ። ኋላውን ሳያቋርጥ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ፣ ደረቱና ክንፉ መካከል ነጭ ገባ ያለበት ወፍ በእንግሊዝኛ ስሙ ኮመን ሳንድፓይፐር ነው። ሲበር ውሃውን ታክኮ ነው፤ ክንፉን ትንሽ ያርገበግብና ገትሮ ይንሳፈፋል። ግሪን ሳንድፓይፐር ጠባብ ውሃ ይወዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። ሲነሳ ክንፉ ከሥር ጥቁር ነው፣ ከጅራቱ በላይ ደግሞ ነጭ ቦግ ይላል። ውድ ሳንድፓይፐርም እዚያው ላይ ነጭ አለው፤ ግን ክንፉ ከሥር ፈዘዝ ያለ ነው፣ ጀርባው ነጠብጣብ የበዛበት፣ እግሩ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ከዓይኑ በላይም ረዘም ያለ ነጭ መስመር አለው። እነዚህን ሦስቱን ከለያችሁ ከባዱን ጨርሳችኋል።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ረጅም ሮዝ እግር ያለው ብላክ ዊንግድ ስቲልት ነው። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ያለው ስሪ ባንድድ ፕሎቨር ይባላል፤ እሱ የአገራችን ነው፣ ክረምት ከበጋ አይሄድም።

ያያችሁትን ቀኑንና ብዛቱን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ወይም ኢበርድ (የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ) ላይ መዝግቡ። ረግረጉ ለጡብና ለባሕር ዛፍ እየተቆረሰ ነውና እያንዳንዱ መዝገብ ዋጋ አለው። ካልለያችሁት አትገምቱ፤ "ሳንድፓይፐር" ብቻ ብላችሁ ጻፉት።