ጣናን ዳር ቆሞ ከማየት ባለፈ እንዴት እንንከባከበው?

ባህር ዳር የምትኖሩም ለመዝናናት የምትመጡም መጀመሪያ በማለዳ ሐይቁ ዳር ውረዱና ደንገሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ታንኳ የሚሰራው ከሱ ነው፣ ዓሣ የሚራባውም ወፍ ጎጆ የሚሰራውም እዛው ውስጥ ነው። ስለዚህ ዳሩን እናጽዳ ብሎ ደንገል መንቀል ይቅር በቃ። ለታንኳ ከፈለጋችሁት እጨዱት እንጂ ስሩን አትንኩ፣ መልሶ ይበቅላል።

እምቦጭ የሚባለው የውሃ ላይ አረም ግን ሌላ ጉድ ነው። ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ ሐምራዊ አበባው ያምራል ብላችሁ እባካችሁ ወደ ግቢ እንዳትወስዱት። ለነቀላ ስትወጡ አበባ ሳያወጣ ብትደርሱበት ይሻላል ምክንያቱም ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ቆይቶ ይበቅላል፣ የነቀላችሁትንም ዳር ላይ ከምራችሁ አትሂዱ፣ ሐይቁ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል፣ ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት።

ግቢ ያላችሁ ደግሞ ራስ ክምር ትከሉ፣ ብርቱካናማ አበባው ላይ እነዛ ቀጭን ጠምዛዛ መንቁር ያላቸው የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ወፎች ማሩን ሊመጥጡ ይመጣሉ፣ በጣም ነው ደስ የሚሉት! ቦታ ካለ ሾላ ጨምሩ፣ ፍሬውን ወፍ ይወደዋል። ፀረ ተባይ መርጨት ቀንሱ፣ ማዳበሪያም አታብዙ፣ የተረፈው በጎርፍ ሐይቁ ገብቶ እምቦጩን ነው የሚቀልበው።

ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳም ስትሄዱ ግድግዳው ላይ ያሉትን ስዕሎች በእጅ አትንኩ፣ ፍላሽም አጥፉ። እህቶች፣ ክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ሴት ስለማይገባ ጀልባ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ።