የስካፑላሬን ማሳከክ እንዴት እንዳስቆምኩት

የቀርሜሎስ እመቤታችንን ቡኒ ስካፑላር ማውለቅ አልፈልግም። ስካፑላር እኛ ካቶሊኮች ለእመቤታችን ባለን ፍቅር አንገታችን ላይ የምናጠልቀው፣ በክር የተያያዘ ሁለት ትንንሽ የሱፍ ቁራጭ ነው፤ አንዱ ደረት ላይ፣ ሌላው ጀርባ ላይ ይውላል። የምሠራው ግን ዳቦ ቤት ነው፤ ምድጃው ፊት ስቆም ሱፉ ላብ ይጠጣና አንገቴ ሥር ቀይ ሽፍታ ያወጣል። ክሩም እየተጠማዘዘ የጀርባው ቁራጭ ዞሮ ደረቴ ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ በፕላስቲክ ሸፈንኩት። ባሰበት፤ ላቡ ከሥሩ አቆረ።

የሠራልኝ ይኸኛው ነው። ከአሮጌ ነጠላ ላይ ጥጥ ቆርጬ፣ ቆዳዬን የሚነካውን ፊት ብቻ ገበርኩት፤ ሱፉ እንዳለ ነው። ክቡን የናይለን ክር አውጥቼ ጠፍጣፋ የጥጥ ጥብጣብ ሰፋሁበት። ጠፍጣፋ ስለሆነ አይጠማዘዝም። አሳጠርኩትም፤ የኋላው ከማጅራቴ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ የውስጥ ልብሴ ይዞት ይውላል። ቅዳሜ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳልጨምቅ አጥበዋለሁ።

ክሩን ስቀይር ቡራኬው ይቀር ይሆን ብዬ በጣም ፈርቼ ነበር። አባን ጠየቅኳቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ አንዴ በካህን እጅ ከተቀበልሽው ሲያረጅ ሌላ ማጥለቅ ትችያለሽ፤ አሮጌውን አቃጥይው ወይም ቅበሪው» አሉኝ። ደስ አለኝ።

ጨርቁን ጨርሶ መልበስ ለማይችል ሜዳልያ አለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1910 እ.ኤ.አ. ፈቅደውታል፤ በአንድ ፊቱ የኢየሱስ ቅዱስ ልብ፣ በሌላው የእመቤታችን ምስል ሊኖርበት ይገባል። መጀመሪያ ግን ስካፑላሩን በጨርቁ መቀበል ያስፈልጋል። እኔ ጨርቁን እወዳለሁ፤ ልብስ ነውና፣ የእናት ልብስ። ሽፍታው ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነው።